የልምምድ አዳራሹን ወለል ማን ይጥረግ?

ይህን ጥያቄ በዚህ መድረክ ላይ ካነሣሁ ወዲህ ምላሹ በዝቷል። አዲስ የሚገቡ ሰዎችም ቀድሞ የተመለሰውን መልሰው ስለሚጠይቁ፣ ከመነሻው እስከ ትናንት ማታ ማን ምን እንዳለ በምላሾቹ ቁጥር ቅደም ተከተል አሰባስቤአለሁ። የማንንም ቃል አልገለበጥኩም፤ ሐሳቡን እንዳላጣምም ግን ተጠንቅቄአለሁ። አቋሜንም አልደብቅም፤ ጉዳዩ ለእኔ ትንሽ አይደለም።

መነሻ ጽሑፌ የሚከተለው ነበር። አራት ኪሎ አካባቢ በሚገኝ አዳራሽ ውስጥ ሾቶካን የተባለውን የካራቴ ዓይነት እንሠራለን። አዳራሹ የእኛ ብቻ አይደለም። እሑድ እድር ይሰበሰብበታል፤ በሰርግ ወራት ድግስ ይደገስበታል፤ በሥራ ቀን ከእኛ ቀጥሎ የቴኳንዶ ሠልጣኞች ይገቡበታል። ወለሉ ግማሹ አሮጌ ጣውላ፣ ግማሹ ሊሾ ነው። እኛ ደግሞ የምንሠራው በባዶ እግር ነው። ከድግስ ማግስት እዚያ ወለል ላይ ምን እንደሚገኝ ያየ ያውቀዋል፤ ቆርኪ፣ ስቴኪኒ፣ የጠርሙስ ስባሪ፣ ከሙሽራ ልብስ የወደቀ መርፌ ቁልፍ። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ በሩ ሲከፈት የመጀመሪያው ሥራችን መጥረጊያ ማንሣት ነበር። ባለ ነጭ ቀበቶም ሆነ ባለ ቡናማ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪም ሆነ የመሥሪያ ቤት ኃላፊ፣ ጠርጎ፣ በእርጥብ ጨርቅ ወልውሎ፣ እጁን ታጥቦ ነበር የሚሰለፈው። ከትምህርት ቤት መልስ የሚመጡት ልጆችም እንዲሁ ያደርጉ ነበር።

በቅርቡ ጥቂት ወላጆች ልጆቻቸውን ያስመዘገቡት ለስፖርት እንጂ ለጽዳት እንዳልሆነ ለአሠልጣኛችን ነገሯቸው። እሳቸውም ክርክር ስላልፈለጉ መጥረጉን ለሁላችንም አስቀሩት። የጽዳት ሠራተኛ ተቀጠረች፤ ወርኃዊ ክፍያውም በዚያው ምክንያት ጨመረ። ይህ ትክክል ነው ወይ ብዬ ጠየቅሁ፤ እኔ ትክክል አይደለም ባይ ነኝ። የልምምድ ጓደኛዬን እግሩን መትቼ የምጥልበትን ወለል፣ እሱም እኔን የሚጥልበትን፣ ሁለታችንም በእጃችን ፈትሸን ልናውቀው ይገባል። ይህን ሥራ ለሌላ ሰው አሳልፈን ስንሰጥ ስለ ባልንጀራችን እግር ማሰብንም አብረን አሳልፈን እንሰጣለን።

የመጀመሪያው ምላሽ የመጣው በደርግ ዘመን ልምምድ ከጀመሩ አንድ አባት ነው። በትሕትና ሰላምታ ሰጥተው፣ በእሳቸው ጊዜ መጥረጊያ ለማንሣት እሽቅድምድም እንደነበረ አስታወሱ። ዘግይቶ የመጣ መጥረጊያ አያገኝም፤ መጥረጊያ ያላገኘ መስኮት ይወለውላል። ማንም ማንንም አያዝም ነበር አሉ። ዘግየት ብሎ ክርክሩ ሁሉ የሚያርፈው እዚህ ነጥብ ላይ ነው፤ በዚያን ሰዓት ግን ማንም ልብ አላለውም። በ2 ቁጥር አንድ ወጣት አመስግኖ፣ ተስማምቶ አለፈ።

3 ቁጥር ላይ የነገሩ መልክ ተለወጠ። ስድስት ኪሎ አቅራቢያ ወደሚገኝ ሌላ ክለብ ሁለት ልጆቻቸውን የሚልኩ እናት፣ መጥረግን በራሱ እንደማይቃወሙ ገለጹ፤ ቤታቸውም ልጆቹ የበሉበትን ሳህን ራሳቸው ያነሣሉ። ያስቆጣቸው መጥረጊያው ዘወትር ለሴት ልጃቸውና ለሌሎቹ ሴቶች ልጆች መሰጠቱ ነው። ወንዶቹ በዚያን ጊዜ ጥግ ይዘው ይራገጣሉ። ልጅቱ አረንጓዴ ቀበቶ ስትሆን ወንድሟ ገና ብጫ ነው። በሰልፉ ላይ እሷ ቀድማ ትቆማለች፤ መጥረጊያ ሲመጣ ግን የቀበቶው ሥርዓት ቀርቶ የጓዳው ሥርዓት ይተካል። በዚህ የውይይት ክር ውስጥ ከተጻፈው ሁሉ ለእኔ ከባዱ ይህ ነው። ከቤት ይዘነው የመጣነውን አድልዎ በአዳራሹ በር ላይ ማስቀረት ካልቻልን፣ ጫማ ማውለቃችንና እጅ መንሣታችን ከንቱ ነው። ለእኚህ እናት ወዲያው መልስ ሰጥቼ ልጃቸው የተበደለችው በመጥረጊያው ሳይሆን ተራ በሌለው መጥረጊያ መሆኑን ጻፍኩላቸው። እሳቸውም ለልጅቱ ልዩነቱ እንደማይታያት መለሱ። እውነታቸውን ነው፤ ልጅ የምታየው መጥረጊያው ማን እጅ ላይ እንዳለ ነው።

በ4 ቁጥር የካራቴን ታሪክ የሚያነብ ሰው ገባ። የሾቶካን መሥራች ጊቺን ፉናኮሺ እ.ኤ.አ. በ1922 ከኦኪናዋ ወደ ቶኪዮ መጥተው ካራቴን ባሳዩበት ጊዜ ዕድሜያቸው ከሃምሳ አልፎ ነበር። በኦኪናዋ ለብዙ ዓመታት የትምህርት ቤት መምህር የነበሩት እኚህ ሰው፣ ቶኪዮ ውስጥ ለኦኪናዋ ተማሪዎች በተሠራ ማደሪያ በአንዲት ጠባብ ክፍል ይኖሩ ነበር። ለኑሯቸውም የማደሪያው ዘበኛ፣ አትክልተኛና ጠራጊ ሆነው ሠርተዋል። አንድ ቀን ጋዜጠኛ መጣና ግቢ ሲጠርጉ አግኝቷቸው መምህሩ የት እንዳሉ ጠየቃቸው። ጥቂት እንዲጠብቅ ነግረውት ገቡ፤ የክብር ልብሳቸውን ለብሰው ተመለሱና ፉናኮሺ እሳቸው መሆናቸውን ነገሩት። ታሪኩን የጻፉት ራሳቸው ናቸው። ጸሐፊው ይህን ካስታወሰ በኋላ በዚያው ዓመት ሾቶካን የተባለውን አዳራሽ እንደከፈቱ ጨመረ። ስህተት ነበር፤ 5 ቁጥር ሳይውል ሳያድር፣ ትንሽም ጠንከር ባለ ቃል፣ አዳራሹ የተሠራው ከብዙ ዓመታት በኋላ በ1930ዎቹ እንደሆነና በ1945 በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአየር ድብደባ እንደወደመ አረመው። 4 ቁጥር እርማቱን በአክብሮት ተቀበለ። እንዲህ ያለ መተራረም ለመድረካችን ክብር ነው።

ያ የወደመ አዳራሽ ወሬ 6 ቁጥርን አመጣ። በ2017 ዓ.ም. ለኮሪደር ልማት እስኪፈርስ ድረስ ካዛንቺስ ውስጥ በአንድ አሮጌ አዳራሽ ይሠለጥን የነበረ ሰው ነው። ከአባላቱ ከፊሉ ወደ ገላን ጉራ ሄደዋል፤ ከፊሉ ዘመድ ጋር ተጠግተው ከተማው መሃል ቀርተዋል። አሁን መስቀል አደባባይ ላይ፣ ደረጃውን ከሚወጡና ከሚወርዱ ሯጮች ጎን፣ ጎህ ሲቀድ ይገናኛሉ። ጫማ አድርገው ነው የሚሠሩት፤ ድንጋዩ ለባዶ እግር አይሆንም። ካታ የሚባለውን የተወሰነ የእንቅስቃሴ ቅደም ተከተል ሲሠሩ መንገደኛ ስልኩን አውጥቶ ይቀርጻቸዋል። ኩሚቴ በሚባለው የጥንድ ግጥሚያ ላይ መጣል የሚባል ነገር ጭራሽ ቀርቷል፤ ማን በድንጋይ ላይ ይወድቃል? እሱ የሚጠርገው ወለል ቢያገኝ ጠዋትና ማታ እንደሚጠርግ፣ እኛ ግን ወለል እያለን ማን ይጥረግ ብለን መጨቃጨቃችን እንዳሳዘነው ጻፈ። ቁጣ አልነበረበትም፤ ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር። በ7 ቁጥር አንዲት የክለባችን አባል ከጓደኞቹ ጋር መጥቶ አብሮን እንዲሠራ ጋበዘችው። ቦታ እንደሚጠብ አውቃለሁ፤ የውድድር ሜዳ 8 ሜትር በ8 ሜትር ነው፣ የእኛ አዳራሽ ከአንድ እንዲህ ያለ ሜዳ ብዙ አይሰፋም። ቢሆንም ተጠጋግተን እንሠራለን። እሱና ሌሎች ሁለት ባልደረቦቹ ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ከእኛ ጋር ናቸው። ከዚህ ክር ሌላ ምንም ባይገኝ ይህ ይበቃኛል።

ከ8 ቁጥር ጀምሮ ድምፁ ከፍ አለ። ሕግ ያጠናች መሆኗን የገለጸች አንዲት ጸሐፊ የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 36 ጠቀሰች፤ ሕፃናት ጉልበታቸውን ከሚበዘብዝ ልማድ ሊጠበቁ፣ ትምህርታቸውንና ጤናቸውን የሚጎዳ ሥራም ሊሠሩ እንደማይገባ የሚደነግገውን ማለቷ ነው። 9 ቁጥር በንቀት መለሰላት። እንዲህ ከሆነ በየመንግሥት ትምህርት ቤቱ በተራ ክፍል ስንጠርግ ያደግነው ሁላችን ተበዝብዘናል ማለት ነው፣ የጃፓን ልጆችም ክፍላቸውን ራሳቸው ስለሚያጸዱ አገራቸው ይከሰስ፣ ወደሚል ሄደ። ነጥቡ ትክክል ሆኖ ሳለ ንቀቱ አበላሸው። 10 ቁጥርም ስለ ንቀቱ ገሠጸው።

የሕግ ባለሙያዋ በ11 ቁጥር ተመልሳ መጣች፤ ቀዝቅዛም ሳይሆን ተጠንቅቃ። በተራ የሚደረግ፣ አጭር፣ ማንንም የማያዋርድ ጽዳት ብዝበዛ እንዳልሆነ ተቀበለች። ከዚያም ማንም ያልጠበቀውን አነሣች፤ በዚያው አንቀጽ ሥር ስለ አካላዊ ቅጣት የተጻፈውን። ቃሉ የሚናገረው ስለ ትምህርት ቤቶችና ስለ ሕፃናት ማሳደጊያዎች ቢሆንም መንፈሱ አንድ ነው፤ ስለ መጥረጊያ ይህን ያህል ከምትከራከሩ በየክለቡ ስላለው ዱላ ለምን አትናገሩም ብላ ጠየቀች።

ጸጥታ ሆነ። ቀኑን ሙሉ የጻፈ አልነበረም። ማታ ላይ በ12 ቁጥር ስሙንም ሰፈሩንም ያልገለጸ ሰው፣ ልጅ ሳለ ጉልበቱ በሚገባ ሳይታጠፍ አቋቋሙ ከፍ ባለ ቁጥር አሠልጣኙ በዘንግ ጭኑን ይገርፉት እንደነበር፣ ሰንበሩን ከእናቱ ለመደበቅ በቤት ውስጥ ረጅም ሱሪ ይለብስ እንደነበር፣ በመጨረሻም ቡናማ ቀበቶው ላይ ሲደርስ ትቶ እንደወጣ ጻፈ። 13 ቁጥር እሱም እንደተገረፈ፣ ግን ግርፋቱ እንዳጠነከረው፣ የዛሬ ልጆች በመለማመጥ እንደላሸቁ ተናገረ። 14 ቁጥር ጽሑፉን አንብቦ እንዳልጨረሰ በሚያሳብቅ ፍጥነት ዘለፈው፤ አስተባባሪዎቹ ስድቡን ሰርዘው ቀሪውን አቆዩ። እኔ የምለው አንድ ነው። በዱላ ዝቅ ያለ ጉልበት ዱላው ሲነሣ ቀና ይላል። አቋቋሙን ያልያዘ ልጅ ጭኑ አልጠነከረም ወይም ለምን ዝቅ እንደሚል አልገባውም፤ ሁለቱም መድኃኒታቸው ልምምድና ማስረዳት ነው። ባለ ጥቁር ቀበቶ ሆኖ ልጅ የሚመታ ሰው ቀበቶውን ቢፈታው ይሻላል። 12 ቁጥርን ያጣነው በዚህ ምክንያት ነው፤ ስንት እንደ እሱ ያሉ እንዳጣን የሚቆጥር የለም።

ወደ ወለሉ የመለሰችን በ15 ቁጥር የጻፈች ነርስ ናት። አጻጻፏ አጭርና ጠቃሚ ነው፤ ሁሉም ቢያነበው እወዳለሁ። መንጋጋ ቆልፍ የሚመጣው ከዝገት ሳይሆን በአፈርና በአቧራ ውስጥ ከሚኖር ተህዋስ ነው፤ ስለዚህ ንጹሕ የሚመስል ሚስማርም ቢሆን በአቧራማ ወለል ላይ ከወጋን ያሰጋል። ጠባብና ጥልቅ ቀዳዳ ሰፊ ከሆነ ጭረት የበለጠ አደገኛ ነው። ክትባቱም በየ10 ዓመቱ ይታደሳል። በእግር ጣቶች መሃል የሚወጣው ፈንገስ እርጥበት ይወዳል፤ በእርጥብ ጨርቅ ወልውሎ ሳያደርቁ መሰለፍ ለእሱ ድግስ ነው። በረኪና በውሃ ተበጥብጦ ይጠቅማል፤ ከሌላ የጽዳት ኬሚካል ጋር ግን ፈጽሞ አይቀላቀልም፣ የሚያፍን ጋዝ ያወጣል። በዚህ በኩል የአራት ኪሎንና የፒያሳን የግንባታ አቧራ ያስተዋለ ሰው፣ በበጋ ወለሉ በየሰዓቱ እንደሚለብስ ያውቃል። በክረምት ደግሞ ጭቃው በጫማ ተሸክመን የምናመጣው ነው።

16 ቁጥር ፒያሳ አካባቢ ስለነበረ ክለብ ተናገረ። ክለቡ ሠራተኛ ቀጠረ፤ ሴትዮዋ ብርቱ ነበሩ፣ ዕድሜያቸውን በሙሉ ቢሮ ያጸዱ። ጣውላውን አጥበው፣ አድርቀው፣ በሰም አሹት። ወለሉ መስታወት መሰለ። በማግስቱ ሔያን ሾዳን የተባለውን የጀማሪዎች ካታ ሲሠራ ወደ ኋላ የዞረ ሠልጣኝ የፊት እግሩ ተንሸራትቶ ጉልበቱ ዞረ፤ ለወራት ልምምድ አቆመ። ጸሐፊው ሴትዮዋን አልወቀሰም፤ እኔም አልወቅሳቸውም። ሙያቸው የሚያዝዘውን በሚገባ ሠርተዋል። በባዶ እግር እንደምንዞር የነገራቸው አልነበረም፤ የሚነግራቸውም ሰው ወለሉን ነክቶ የሚያውቅ መሆን ነበረበት።

ከዚህ በኋላ ክሩ መንገዱን ሳተ። በ17 ቁጥር አንድ ሰው ካራቴ ከኦሊምፒክ መውጣቱን እንደ ምክንያት አቀረበ፤ ስፖርቱ ወደ ኋላ የቀረው በእንዲህ ያለ አሮጌ ወግ ነው ይላል። ካራቴ በቶኪዮ ኦሊምፒክ ገብቶ እ.ኤ.አ. በ2024 የፓሪስ ውድድር ውስጥ አለመካተቱ እውነት ነው፤ ከመጥረጊያ ጋር የሚያገናኘው ግን አላየሁም። 18 ቁጥር የቶኪዮውን ውድድር የመጨረሻ የከባድ ሚዛን ግጥሚያ አነሣ። የሳዑዲው ታሬግ ሐመዲ 4 ለ1 እየመራ ሳለ የኢራኑን ሳጃድ ጋንጅዛዴን አንገት በእርግጫ መትቶ ጣለው፤ ከመጠን ባለፈ ምት ከግጥሚያው ተሰናበተና በቃሬዛ የወጣው ወርቅ ወሰደ። ስለዚህ ለግማሽ ገጽ ያህል ተከራከሩ። እኔ ዳኞቹ ልክ ነበሩ እላለሁ፤ ምትን መቆጣጠር ካልተጠየቀ ማናችንም ነገ ወደ ሥራችን በደኅና አንገባም። 19 ቁጥር የቴኳንዶ ሰው ነው፤ የእነሱ ስፖርት በኦሊምፒክ እንደጸና አስታውሶ እኛን ገፋ አደረገን። ሁለት ሰዎች መልስ ሊሰጡ ሲነሡ ጥያቄው የወለል መሆኑን አስታውሼ ለመንኳቸው።

20 ቁጥር በአብነት ትምህርት ቤት ያለፉ ሰው ናቸው። ተማሪ ለየኔታ ውኃ እንደሚቀዳ፣ እንጨት እንደሚለቅም፣ ጎጆ እንደሚሠራ፣ ዕውቀት ያለ አገልግሎት እንደማይገኝ አስረዱ። አገራችን ይህን ለመማር ጃፓን መሄድ አያስፈልጋትም ነው ነገራቸው። ደስ አለኝ። 21 ቁጥር ግን ያ ተማሪ ለምኖ እያደረ የሚማር፣ መምህሩም ደመወዝ ሳይቀበሉ የሚያስተምሩ መሆናቸውን ጠቅሶ፣ በየወሩ ገንዘብ ከሚከፍል ሠልጣኝ ጋር ማነጻጸሩ እንደማይያያዝ ጻፈ። ይህም አጥጋቢ ነው። አገልግሎት በአንድ ወገን፣ ገንዘብም በዚያው ወገን ከሆነ ሌላው ወገን ምን አዋጣ?

ይኸው ጥያቄ 22 ቁጥርን አፈነዳው፤ በክሩ ሁሉ እጅግ የሰላ ጽሑፍ እሱ ነው። ለልምምድ ይከፍላል፣ ለቀበቶ ፈተና ይከፍላል፣ ለምስክር ወረቀት ይከፍላል፣ ለዓመታዊ አባልነት ይከፍላል፤ ገንዘቡ የት እንደሚገባ ግን አንድም ቀን ሪፖርት ሰምቶ አያውቅም። ክለብ ነው ተብሎ ስብሰባ የለም፣ ሒሳብ ያዥ የለም፣ አባል የሚባለው መዋጮ ሲፈለግ ብቻ ነው። እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ መጥረጊያ ማንሣት ባለቤቱ ሌላ የሆነ ሱቅ በነጻ ማጽዳት እንደሆነ ጻፈ። ብዙዎች ለገንዘብ ብሎ ነው ሲሉ ዘለፉት። እኔ ከእሱ ጋር ነኝ። ሰው የራሱን ቤት ነው የሚጠርገው። ክለቡ የአባላቱ እንዲሆን ከተፈለገ ሒሳቡ በአባላቱ ፊት ይነበብ። የሰፈራችን እድሮች በየወሩ ገቢና ወጪያቸውን ያነባሉ፤ እኛ በዚያው አዳራሽ ውስጥ፣ በዚያው ወንበር ላይ እየተቀመጥን ይህን የማናደርግበት ምክንያት የለም።

23 ቁጥር ከእኛው ክለብ ነው። እስካሁን ማንም ያልጠየቃትን ሠራተኛዋን እሱ ሄዶ እንዳነጋገራት ገለጸ። ከሩቅ ነው የምትመጣው፤ 12 ሰዓት ሳይሞላ አዳራሹን ለማድረስ በሌሊት መነሣት አለባት፣ ታክሲ በዚያ ሰዓት አይገኝም። ሠልጣኞቹ ወለሉን ቢጠርጉ እሷ በ2 ሰዓት ገብታ መጸዳጃ ቤቱንና የልብስ መቀየሪያውን፣ መስኮቱንና ግቢውን በሚገባ ለመያዝ ትችላለች፤ ደመወዟ እስካልተነካ ድረስ ይህንኑ ትመርጣለች። ሃያ ሁለት ምላሽ ስለ እሷ ሥራ ተጽፎ እሷን የጠየቀ አልነበረም። ለዚህ አባል ያለኝን አክብሮት እዚህም እደግመዋለሁ።

ከዚያም 24 ቁጥር፤ ቅሬታ ካቀረቡት ወላጆች አንዷ እናት ራሳቸው ጻፉ። በመድረኩ ላይ የተባለውን ሁሉ አንብበዋል። ልጃቸው እንዳይጠርግ የፈለጉት ሥራን ንቀው እንዳልሆነ፣ እሳቸውም በዚሁ በአራት ኪሎ ትምህርት ቤት ክፍል ጠርገው እንዳደጉ ገለጹ። አንድ ቀን ልጃቸውን ሊወስዱ ቀደም ብለው መጡ። ልጆቹ አጎንብሰው ይወለውላሉ፤ ባለ ጥቁር ቀበቶዎቹ ግድግዳ ተደግፈው ያወራሉ፤ አሠልጣኙ ወንበር ላይ ተቀምጠው ስልካቸውን ይመለከታሉ። ትልቁ ተቀምጦ ትንሹ የሚያጎነብስበትን ነገር ሥርዓት ብለው ለልጃቸው ማስተማር አልፈለጉም። አሠልጣኙና ባለ ጥቁር ቀበቶዎቹ አብረው ቢጠርጉ ልጃቸው መጥረጊያውን ከቤት ይዞ እንደሚመጣ ጨምረው ጻፉ።

ትልቁም ትንሹም አብሮ እንደሚጠርግ የምናውቅ ሰዎች ነበርን። የጠዋቱ ክፍል ሁላችንም እንጠርግ ነበር፤ ከሰዓት በኋላ በልጆቹ ክፍል ልማዱ ሌላ እየሆነ መምጣቱን ግን የጠዋት ሰዎች አንከታተልም ነበር። በ1 ቁጥር የጻፉት አባት ማንም ማንንም አያዝም ነበር ያሉት፣ 4 ቁጥር ስለ ፉናኮሺ ያስታወሰው፣ የ3 ቁጥሯ እናት ስለ ሴት ልጃቸው ያሉት፣ ሁሉም እዚህ ይገናኛል። መጥረጊያው ከላይ ወደ ታች ከወረደ ልምምድ ነው፤ ታች ብቻ ከቀረ አገልጋይነት ነው። መሥራቹ ጋዜጠኛ እስኪያገኛቸው ድረስ ግቢ የጠረጉ ከሆነ፣ ሁለተኛ ዳን፣ ማለትም የጥቁር ቀበቶ ሁለተኛ ደረጃ፣ ያለው ሰው ጎንበስ ቢል ክብሩ የሚቀንስበት ምክንያት አይታየኝም።

በ25 ቁጥር እኔው ለክለቡ ስብሰባ የማቀርበውን ጻፍኩ። ወለሉን ሠልጣኞች ይጥረጉ፤ በየሳምንቱ በሚለጠፍ ተራ፣ ወንድና ሴት ሳይለይ፤ የተራው መጀመሪያ ላይ አሠልጣኙና ባለ ጥቁር ቀበቶዎቹ ይጻፉ። ከልጆች ክፍል ጋር ሁልጊዜ አንድ ባለ ጥቁር ቀበቶ አብሮ ይጥረግ፤ ስባሪና መርፌ የሚለቅመው እሱ እንጂ ልጅ አይሁን። ወላጁ ያልፈቀደለት ልጅ አይገደድ፣ አይገለል። ሠራተኛዋ በሥራዋና በደመወዟ ትቆይ፤ የመግቢያ ሰዓቷ 2 ሰዓት ይሁን። ሰም አይቀባ። የሦስት ወር ገቢና ወጪ ይነበብ። ዘንግ ከአዳራሹ ይውጣ፤ በእኛ ክለብ ባላየውም በጽሑፍ ይቀመጥ። አሠልጣኛችን አንብበውታል። በስልክ ደውለው የመጀመሪያውን ተራ እሳቸው እንደሚወስዱ፣ የሒሳቡን ጉዳይ ግን ለመዘጋጀት ጊዜ እንደሚፈልጉ ነገሩኝ። 22 ቁጥር ጊዜው ስንት እንደሆነ ጠይቋል፤ ቁርጥ ቀን እስኪሰጠን ድረስ እኔም አብሬው እጠይቃለሁ።

የመጨረሻው፣ 26 ቁጥር፣ ያው የቴኳንዶው ሰው ነው። ከእኛ ቀጥሎ በዚያው አዳራሽ እንደሚሠለጥን እስከዚህ ድረስ አልተናገረም ነበር። እኛ ጠርገን ስንወጣ እነሱ በንጹሕ ወለል ላይ ሲሠሩ እንደቆዩ፣ በቅርቡ ግን ልዩነቱን እግራቸው እንደነገራቸው ጽፎ፣ በተራው ሰሌዳ ላይ የእነሱም ስም እንዲገባ ጠየቀ። ሠልጣኞቹ ሲወጡ ቢጠርጉ ለከሰዓቱ የልጆች ክፍል ይመቻል። መጥረጊያ ሁለት ብቻ ነው ያለን፣ አንዱም እጀታው ተሰብሯል፤ እነሱ ሁለት ጨምረው እንደሚያመጡ ቃል ገብቷል። ስብሰባው ቅዳሜ ከልምምድ በኋላ ነው፤ ከእነሱ ወገን ሁለት ተወካይ እንዲልኩ መልሼለታለሁ።